በቀን አንድ ሚሊሜትር፦ እግርን የማስረዘም ሕክምና ታሪክና የታማሚው ቤት

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «ሙያችንን የሚነካ፣ ነገር ግን ከግንባታና ከፋብሪካ ውጭ የሆነ» አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ አንድ ታላቅ ድልድይ ወይም ስለ ባቡር ሐዲድ እንድጽፍ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ወዲያው በሐሳቤ የመጣብኝ የታናሽ ወንድሜ እግር ነው። ወንድሜ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ነበር። ስብራቱ ዳነ፤ ሆኖም አጥንቱ ተደራርቦ ስለ ገጠመ ግራው ከቀኙ በ42 ሚሊሜትር አጠረ። በሚቀጥለው ዓመት እግሩን ለማስረዘም ቀዶ ጥገና በተደረገለት ጊዜ በእግሩ ዙሪያ የታሰረውን የብረት መሣሪያ ዳዶ በየስድስት ሰዓቱ የማዞር ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ይህ የአንተ ሥራ ነው» ተብዬ ነው። ምን ያህል እንደማላውቅ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት የቤታችንን ጉዳይ ከሚመለከቱት በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለ ቀዶ ጥገና ዘወትር የምናስበው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ይሠራል፤ ታማሚው ይተኛል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ታማሚው ቤቱ ገብቶ ያገግማል። በዚህ ሕክምና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታማሚው ከቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወጣ እግሩ አንዲት ሚሊሜትር እንኳ አልረዘመም። አጥንቱ ተቆርጦ፣ መሣሪያው ታስሮ፣ ነገሩ ተሰናድቶ ብቻ ይወጣል። እግሩ የሚረዝመው በመኝታ ቤቱና በበረንዳው፣ በራሱ ወይም በዘመዱ እጅ ነው። እንግዲህ «ማገገሚያ» የተባለው ጊዜ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ዕረፍት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው። የሕክምናውም ታሪክ፣ እኔ እንደ ተረዳሁት፣ ሥራው ከሐኪሙ ጉልበት ወደ ታማሚው ትዕግሥት እንዴት እንደ ተሸጋገረ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

መነሻው ጣልያን አገር ነው። በቦሎኛ ከተማ በሪዞሊ ተቋም ይሠራ የነበረው አሌሳንድሮ ኮዲቪላ በ1905 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የጭንን አጥንት ቆርጦ፣ በተረከዝ አጥንት ውስጥ ሚስማር አሳልፎ እግሩን በኀይል በመሳብና በጄሶ በመያዝ ከ3 እስከ 8 ሴንቲሜትር ማስረዘም እንደ ቻለ ገለጸ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ መንገዱ ግን የጉልበት መንገድ ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ኦምብሬዳን በ1913 ዓ.ም. ከውጭ በሚታሰር መሣሪያ በቀን 5 ሚሊሜትር ያህል ሲስብ ቆዳው ሞተበት፤ ቁስሉም አመረቀዘ። በሪዞሊ ኮዲቪላን የተካው ቪቶሪዮ ፑቲ በ1921 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው ሌሮይ አቦት ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በየበኩላቸው የተሻሻለ መሣሪያ አቀረቡ። ሁሉም ከቀደመው ይልቅ ቀስ ማለትን ተማሩ፤ ነገር ግን ምን ያህል ቀስ ማለት እንደሚያስፈልግ በልኩ የነገራቸው አልነበረም።

የዚህ ሁሉ ችግር ምንጭ አጥንቱ አልነበረም። አጥንት ይቆረጣል፤ ከተቆረጠም በኋላ ሊለያይ ይችላል። የሚቃወመው በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ጡንቻ፣ ነርቭ፣ የደም ሥርና ቆዳ ነው። እኛ በትምህርት ቤት አንድን ነገር ሲስቡት በመጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያም ይበጠሳል ብለን ተምረናል፤ የብረት መፈተሻ ማሽን ፊት የቆመ ሁሉ ይህን በዐይኑ አይቶአል። ሕይወት ያለው አካል ግን ሦስተኛ መልስ አለው። ጊዜ ከተሰጠው ያድጋል።

ይህን ሦስተኛ መልስ በሚገባ የመረመረውና በቁጥር ያስቀመጠው ሰው በዚያን ዘመን ከነበሩት ታላላቅ የሕክምና ማእከሎች እጅግ ርቆ የሚኖር የገጠር ሐኪም ነበር። ጋቭሪል አብራሞቪች ኢሊዛሮቭ በ1921 ዓ.ም. በፖላንድ ቢያሎቪዬዣ በተባለ ስፍራ ተወልዶ በአዘርባይጃን ተራራማ አገር በቁሳር በድህነት አደገ። ይማርበት የነበረው የክራይሚያ የሕክምና ተቋም በጦርነቱ ምክንያት ወደ ካዛኽስታን ተዛውሮ ስለ ነበር ትምህርቱን በ1944 ዓ.ም. እዚያው ፈጸመ። ከዚያም ከኡራል ተራሮች በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በኩርጋን ክፍለ ሀገር ዶልጎቭካ ወደምትባል መንደር ተመደበ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደየመንደሩ የተመለሱት ቁስለኞች አጥንታቸው አልገጥም ያለ፣ ውስጡ መግል የያዘ፣ ለወራት በጄሶ ከመታሰራቸው የተነሣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው የደረቀ ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች በመንደር ሐኪም እጅ የነበረው መሣሪያ ያው ጄሶ ብቻ ነው።

ኢሊዛሮቭ የደረሰበት መፍትሔ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። ውፍረታቸው 1.5 ወይም 1.8 ሚሊሜትር የሆነ ሽቦዎች በአጥንቱ ውስጥ ተሻግረው ያልፋሉ። የሽቦዎቹ ጫፎች እግሩን ከብበው በሚቆሙ የብረት ቀለበቶች ላይ ይታሰራሉ። እንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ ላላ ብሎ ሲቀመጥ ምንም አይሸከምም፤ እስከ 130 ኪሎ በሚደርስ ኀይል ሲወጠር ግን እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ጽኑ ይሆናል። ቀለበቶቹ ደግሞ ጥርስ ባላቸው ዘንጎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። የታማሚው ክብደት ከላይኛው አጥንት በሽቦዎቹ ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ በዘንጎቹ ወደ ታችኛው ቀለበት፣ ከዚያም ወደ ታችኛው አጥንት ይተላለፋል። የተቆረጠው ቦታ ከሸክም ነጻ ሆኖ በመካከል ይቀመጣል። አሮጌ የድልድይ ምሰሶ ሲለወጥ ጊዜያዊ ድጋፍ ያቆመ ባልደረባ ይህን ሥዕል ሳይነገረው ያውቀዋል። የዚህ አሠራር ትልቁ ብልኀት መሣሪያው ከጎን የሚመጣውን ማጠፍ አጥብቆ ሲቃወም ወደ ላይና ወደ ታች ግን በጣም ጥቂት መንቀሳቀስን መፍቀዱ ነው። ታማሚው በሚራመድበት ጊዜ ሽቦዎቹ ትንሽ ይለጠጣሉ፤ ይህች ጥቂት እንቅስቃሴ ለአዲስ አጥንት ምግብ እንደ መሆን ነው።

ኢሊዛሮቭ ለመሣሪያው የፈጠራ ማረጋገጫ የጠየቀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ዓላማው ማስረዘም አልነበረም፤ ያልገጠሙትን የአጥንት ጫፎች አጥብቆ ማጠጋጋት ነበር። ማስረዘሙ የመጣው በስሕተት ነው እየተባለ ይተረካል። አንድ ታማሚ ጫፎቹን ለማጠጋጋት ዳዶውን በየጊዜው እንዲያዞር ታዝዞ ሳለ በተቃራኒው አቅጣጫ አዞረው። ሐኪሙ በራጅ ሲያየው የአጥንቱ ጫፎች ተራርቀዋል፤ ነገር ግን በተከፈተው ቦታ ላይ አዲስ አጥንት ይታያል። ይህን ታሪክ በመጀመሪያ ስሰማ ፈገግ ብዬ ነበር። በኋላ ግን በራሴ እጅ ቁልፍ ይዤ በሌሊት ስነሣ ደጋግሜ አሰብሁት። ስሙ ያልታወቀው ያ ታማሚ በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚቆም ሰው ነው። ዳዶው በእርሱ እጅ ባይሰጥ ኖሮ ስሕተቱም ግኝቱም ባልኖሩ ነበር።

ኢሊዛሮቭ ስሕተቱን ተከታትሎ ወደ ሕግ ለወጠው። በውሾች ላይ ያደረጋቸው ምርምሮች በእንግሊዝኛ በ1989 ዓ.ም. ሲታተሙ ለውጭው ዓለም ሐኪሞች ግልጽ የሆነው ነገር ይህ ነው። በቀን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ከተሳበ አዲሱ አጥንት ብዙ ጊዜ ያለ ጊዜው ይጠነክርና መንገዱ ይዘጋል። በቀን 2 ሚሊሜትር ከተሳበ በዙሪያው ያለው ሥጋና ነርቭ ይጎዳል። አንድ ሚሊሜትር መካከለኛው መንገድ ሆነ። ደግሞም ያችው አንድ ሚሊሜትር በአንድ ጊዜ ከምትሰጥ በአራት ብትከፈል ይሻላል፤ በመሣሪያ ኀይል በ60 ብትከፈል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አጥንቱም ሲቆረጥ ጠንካራው ቅርፊት ብቻ ተቆርጦ በውስጡ ያለው መቅኒና የደም ሥሩ በተቻለ መጠን እንዲተርፍ፣ ከቆረጣውም በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ያህል እንዲታገሡ ተደነገገ። የዘንጉ ጥርስ ርቀት አንድ ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር አንድ ሚሊሜትር፣ ሩብ ዙር ደግሞ ሩብ ሚሊሜትር ይሆናል። ኮዲቪላ በጡንቻ ኀይል የፈለገውን ነገር በአሥር ቁጥር ቁልፍ የሚያዞር ማንኛውም ሰው በቤቱ እንዲያደርገው ያስቻለው ይህ ቀላል ሒሳብ ነው።

የሞስኮ ሊቃውንት ግን ይህን ሰው ለብዙ ዓመታት አልተቀበሉትም። «ብረት ሠራተኛ» እያሉ ያፌዙበት ነበር ይባላል፤ በእኛ ማኅበር ዘንድ ይህ እንደ ስድብ የሚቆጠር አይመስለኝም። ነገሩን የለወጠው የአንድ ስፖርተኛ እግር ነው። በከፍታ ዝላይ በ1963 ዓ.ም. 2 ሜትር ከ28 ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው፣ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ቫሌሪ ብሩሜል በ1965 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ተቀጠቀጠ። ከብዙ ያልተሳኩ ቀዶ ጥገናዎች በኋላ በ1968 ዓ.ም. ኩርጋን ሄዶ ኢሊዛሮቭ አከመው፤ ቆይቶም ከ2 ሜትር በላይ ለመዝለል በቃ። በ1971 ዓ.ም. ኩርጋን የራሱ የምርምር ተቋም እንዲኖረው ተደረገ። የታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ድሚትሪ ሾስታኮቪችም በ1970 ዓ.ም. ስለ ደከመ እጁ ወደዚያ ሄዶ ነበር።

በምዕራቡ ዓለም ዘንድ ግን መሣሪያው ገና አልታወቀም ነበር። የሌኮ ከተማ ተወላጅ የሆነው ጣልያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪ በበረዶ መንሸራተት ላይ ሳለ የተሰበረ እግር ለዓመታት ሲያሠቃየው ኖሮአል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል ከደንገል በተሠሩ ጀልባዎች በአትላንቲክ ባደረጋቸው ጉዞዎች ላይ ማውሪም አብሮት ነበር፤ የጀልባዎቹ ሐኪም ዩሪ ሴንኬቪች ደግሞ የሶቪየት ሰው ነው። ማውሪ በ1980 ዓ.ም. ኩርጋን ሄዶ ታከመና ቀጥ ብሎ እየተራመደ አገሩ ገባ። የአገሩ ሐኪሞች የድሮውን ራጅና አዲሱን አስተያይተው ተደነቁ። በ1981 ዓ.ም. ኢሊዛሮቭ በኮሞ ሐይቅ ዳር በቤላጂዮ በተደረገው ጉባኤ ላይ እንዲናገር ተጋበዘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዘዴውን የሚያጠና ማኅበር በሌኮ ተቋቋመ። ከዚያ ወደ ሰሜን አሜሪካ ለመድረስ ብዙ ዓመት አልፈጀም። ከኮዲቪላ ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር ነገሩ ሰማንያ ዓመት ያህል ዞሮ ወደ ጣልያን ተመለሰ ማለት ነው። ኢሊዛሮቭ ያረፈው በ1992 ዓ.ም. በኩርጋን ነው።

ወደ ሰሜን አሜሪካ ካስገቡት አንዱ የሆነው ካናዳ ያደገው ሐኪም ድሮር ፔሊ በ1990 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ በማስረዘም ጊዜ የሚያጋጥመውን ሁሉ በሦስት ስሞች ከፈለው። ያለ ቀዶ ጥገና የሚፈታውን ችግር አለው፤ ለመፍታት ሌላ ቀዶ ጥገና የሚጠይቀውን መሰናክል አለው፤ ሕክምናው ካለቀም በኋላ የማይለቀውን ጉዳት አለው። ይህ አከፋፈል ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። ችግር መድረሱ አይቀርም፤ በዕቅዱ ውስጥ የተጻፈ ነው። የቤቱ ሰው ሥራ ችግሩ ወደ መሰናክል፣ መሰናክሉም ወደ ጉዳት ሳይደርስ ቶሎ ማየት ነው። የሚያሳዝነው ይህን ያነበብሁት ወንድሜ ከታከመ በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ በእጃችን የተሰጠን አንድ ቁልፍና «በየስድስት ሰዓቱ ሩብ ዙር» የሚል የቃል ትእዛዝ ነበር። በጽሑፍ የተሰጠን አልነበረም። ስለዚህ እኔ እንደ ማንኛውም ሥራ ተቆጣጣሪ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ዘንጎቹ አራት ናቸው፤ በቀን አራት ጊዜ ሲዞሩ 16 ሩብ ዙር ይሆናል፤ በ42 ቀን 672 ይሆናል። ጧት በ12 ሰዓት፣ ቀን በ6 ሰዓት፣ ማታ በ12 ሰዓት፣ ሌሊት በ6 ሰዓት። አቅጣጫው እንዳይሳሳትብን በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ከእናታችን የጥፍር ቀለም አንድ አንድ ነጥብ አደረግሁበት። ሠንጠረዡ በጣም ያምር ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በፊት መዘጋጀት እንደሚገባ ግን በከፊል እንጂ በሙሉ አልተረዳንም ነበር። ከገባን ልጀምር። ወንድሜ ሁለት ክንዱ ሙሉ ኀይል ሳለው አስቀድሞ በክራንች መሄድ፣ ደረጃም መውጣትና መውረድ ተለማመደ። ሲጋራ ለአዲስ አጥንት ጠላት ነው ስለ ተባለ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ አቆመ። ምንጣፉ ከመተላለፊያው ተነሣ፤ አልጋው ከፍ ተደረገ፤ መጸዳጃ ቤቱ የቁጢጥ ስለ ነበር መቀመጫውን የወጋነው ወንበር ተሠራ። ሱሪዎቹ በውጭ በኩል እስከ ወገብ ተቀድደው ቁልፍ ተተከለባቸው። ቀለበቱ ከእግሩ ዙሪያ በሁሉም በኩል ስለሚወጣ ተራ ሱሪ አይገባም፤ ሁለቱም እግሮች እንደ ልብ አይጠጋጉም፤ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም መግባት ጭንቅ ነው። ለራጅ በየሁለት ሳምንቱ በኮንትራት ታክሲ ስንመላለስ የወጣው ገንዘብ ከገመትነው በላይ ሆነ። ዕቅድ አውጪ የሆነ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስበው መልካም ነው።

ያልገባን ደግሞ ብዙ ነበር። ሽቦዎቹ ስምንት ቢሆኑ የሚገቡበትና የሚወጡበት ቀዳዳ 16 ነው፤ እያንዳንዱም ቁስል ነው። በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው በሆነ ንጹሕ ፋሻ ይታጠባል። ቀላ ብሎ ሲያብጥ፣ ሲያመረቅዝ ቶሎ ለሐኪም መንገር እንጂ ነገ ይሻለዋል ማለት አይገባም። ሌላው የትራስ ነገር ነው። ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ከሥሩ ትራስ ማኖር እጅግ ይመቻል፤ እናታችን በፍቅር ታደርግለት ነበር። ነገር ግን የሚሳበው ጡንቻ ባጠፉት መልክ ይቀራል። ተረከዙም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ያለው ጅማት ከአጥንቱ ዘግይቶ ስለሚረዝም እግሩ ወደ ታች እንደ ሾለ እንዳይቀር ከጫማ ሥር ሳንቃ አድርገን፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ወደ ፊተኛው ቀለበት እንስበው ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በቀን ከአራት ጊዜ ያላነሰ ጉልበቱን እንዲዘረጋ አዘዘችው። ዳዶውን ማዞር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አያምም ማለት ይቻላል። የሚያመውና እንባ የሚያመጣው ይህ መዘርጋቱ ነው፤ ውጤቱንም የሚወስነው እርሱ ነው።

እናታችን በበኩልዋ ወጌሻ ካልመጣ ብላ ብዙ ተከራከረች። በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ወጌሻ መጡ። መሣሪያውን ዙሪያውን ተመለከቱት፤ አንዱን ሽቦ በጣታቸው ነካ አድርገው ድምፁን አዳመጡና «ይህ ታስሮአል፤ እኔ አልነካውም» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። የሙያ ሰው የሙያን ወሰን ሲያውቅ ደስ ይላል። ሁለተኛው ክርክር የጾም ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሆኖ ሳለ አጥንት የሚሠራ ሰው እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል ተባለ፤ ወንድሜ ግን እጾማለሁ አለ። የንስሐ አባታችን መጥተው «ሕመምተኛ ነህ፤ ብላ» ብለው ገላገሉን።

ትልቁ ስሕተቴ የደረሰው በ24ኛው ቀን ነው። ወንድሜ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ የእግሩ ጀርባ ሲደነዝዘው፣ አውራ ጣቱም ወደ ላይ አልነሣ ሲለው ዝም ብሎአል። ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ «ሠንጠረዥህ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ሲል ቀልድ ነበር፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የባሰው ደግሞ ከነገረኝ በኋላ እኔ ያደረግሁት ነው። አንድ ሚሊሜትር የተወሰነ መጠን ነው፤ ካቆምን አጥንቱ ይገጥምና ሁሉም ይበላሻል ብዬ ያን ሌሊትና በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ማዞሬን ቀጠልሁ። ቁጥሩን አምኜ የሰውየውን እግር አላመንሁም። ለሐኪሙ የደወልነው በማግሥቱ ማታ ነው። ሐኪሙ ወዲያው አቁሙ አለ። ነርቭ ከሥጋ ሁሉ ይልቅ ለመሳብ የሚዘገይ ነው፤ መደንዘዝና የጣት አለመነሣት ነርቩ «በቃኝ» ማለቱ ነው። አምስት ቀን አቆምን፤ ከዚያ በኋላ በቀን በሦስት ሩብ ዙር ብቻ ቀጠልን። በመጨረሻም ከታሰበው 42 ሚሊሜትር 37ቱን አገኘን፤ የቀረውን 5 ሚሊሜትር ዛሬ በጫማው ውስጥ ያለ ቀጭን ሶላ ይሞላዋል። አውራ ጣቱ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ነገር ግን ደረጃ ሲወጣ እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንዴ የጫማው ጫፍ ይነካበታል። በፔሊ አከፋፈል ችግር ሆኖ ሊያልፍ የሚገባው ነገር ከፊሉ ወደ ጉዳት አለፈ ማለት ነው። ድርሻዬ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚነግረኝ የለም፤ ሐኪሙም ስጠይቀው ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ።

ማዞሩ ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ርዝመቱ ተገኝቶአል፤ በመካከል ያለው አጥንት ግን ገና ለስላሳ ነው። ይህ እስኪጠነክር የሚወስደው ጊዜ ከማስረዘሙ ጊዜ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በጎልማሳ ሰው ለአንድ ሴንቲሜትር እስከ ሁለት ወር የሚደርስ የመሣሪያ ጊዜ ማሰብ ይገባል። ወንድሜ መሣሪያውን ተሸክሞ የቆየው ስምንት ወር ነው። በመጀመሪያው ወር ጠያቂ አልተለየንም፤ ሙዝና ብርቱካን በየቀኑ ይገባ ነበር። በአራተኛው ወር የሚመጣው አንድ ጓደኛው ብቻ ሆነ። ሌሎቹ በስልክ «እስካሁን አልጨረስህም ወይ?» ይሉት ነበር። በዚያ ወቅት እንቅልፉ ጠፋ፣ ጠጉሩንም መላጨት ተወ። በጨዋታ የሚያነሣሣው ያ አንዱ ጓደኛ ከመድኃኒቱ ሁሉ የበለጠ እንደ ረዳው አምናለሁ። በኩርጋን ታማሚዎቹ መሣሪያው በእግራቸው እንዳለ አብረው ሲራመዱና የሰውነት ማጎልመሻ ሲሠሩ የሚውሉበት ምክንያት የደም ዝውውር ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ከቀለበቱ በኋላ የመጣውንም በአጭሩ ልጥቀስ። ሽቦና ቀዳዳ እንዳይኖር መሣሪያውን በአጥንቱ ውስጥ ለመቅበር የተደረገው ጥረት ቆይቶአል። ኢሊዛሮቭ የተማረበት ተቋም በሚገኝበት በሲምፈሮፖል ከተማ አሌክሳንድር ብሊስኩኖቭ በ1983 ዓ.ም. በጭን አጥንት ውስጥ ሆኖ የሚረዝም መሣሪያ አሳወቀ። በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ፕሪሳይስ የተባለው ዘንግ ደግሞ በውስጡ ያለውን ማግኔት ከውጭ በሚያዝ ሌላ ማግኔት በማዞር ይረዝማል። ለታማሚው ታላቅ ምቾት ነው፤ ነገር ግን ዘንጉ ሙሉ ክብደት አይሸከምም። ክብደት እንዲሸከም ተብሎ ከማይዝግ ብረት የተሠራውና በ2018 ዓ.ም. የወጣው ስትራይድ የተባለው ዓይነት፣ ተንሸራታቹ ክፍል በሚገጥምበት ቦታ ዝገትና በአጠገቡ ባለው አጥንት ላይ ለውጥ በመታየቱ በ2021 ዓ.ም. ከገበያ ተነሣ። ሁለት የብረት ቁራጮች በእርጥበት ውስጥ ሲፋተጉ ምን እንደሚሆን የምናውቅ እኛ ልንደነቅ አይገባም። በዘመናችን ጤነኛ እግር ያላቸው ሰዎች ቁመት ለመጨመር ብቻ ይህን ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ። በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልተሾምሁም፤ ግን የሚፈርሙት ለአንድ ቀን ቀዶ ጥገና ሳይሆን ለብዙ ወራት ሥራ መሆኑን የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን እያልሁ አስባለሁ። በሀገራችን ግን በተለይ በመንገድ አደጋ አጥንታቸው ለተጎዳ ሰዎች የኢሊዛሮቭ ቀለበት ዛሬም እየሠራ ነው።

መሣሪያው የሚወልቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። አስቀድሞ የዘንጎቹ ዳዶዎች ይላሉና ክብደቱ ሁሉ በአዲሱ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ታማሚው ለተወሰኑ ቀናት ይራመዳል። ቢያመው ወይም አጥንቱ ቢያዘነብል እንደ ገና ይጠብቃል። እኛ ድልድይ ከመመረቁ በፊት በተጫኑ መኪናዎች እንደምንፈትነው ማለት ነው። ሐኪሙ ዳዶዎቹን ካላላ በኋላ በየዘንጉ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁ። ወንድሜ ክራንቹን ለእናታችን ሰጥቶ ከበረንዳው እስከ ግቢው በር ሄደና ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ ምልክቶቹን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሱም። እርሱ ግን ምልክቶቹን አልጠየቀኝም፤ ዘወር ብሎ እንደ ገና ወደ በሩ ሄደ።